ያላስተማሩትን ስለ መፈተን

ሰው በሌላው ሰው ላይ ሚዛን ባነሣ ጊዜ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሚዛኑ ትክክል ነውን የሚለው ብቻ አይደለም፤ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው የማን ሥራ ነው የሚለውም ጭምር ነው። ሸማኔ የሠራው ጋቢ ሳስቶ ቢገኝ ወቀሳው ለሸማኔው ነው፤ ጋቢውን የሚወቅስ የለም። ተማሪ ግን እንደ ጋቢ ነፍስ የሌለው ዕቃ አይደለም፤ እርሱ ሠሪም ተሠሪም ነውና፣ ጉድለቱ በተገኘ ጊዜ ወቀሳውን በማን ላይ እንጣል የሚለው ነገር አስቸጋሪ ይሆናል። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የማቀርበው ይህን ጥያቄ ነው፤ የማቀርበውም ስለ አገራችን የከፍተኛ ትምህርት ደንብ፣ ማለት በዛሬ ቋንቋ ፖሊሲ ስለሚባለውና ስለ አፈጻጸሙ ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያስገደደኝ አንድ ገበሬ ነው። ይህ ሰው ከአዲ አርቃይ ከተማ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ልጁን አምጥቶ፣ በጎረቤቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶለት፣ በየሳምንቱ ስንቅ እያመላለሰ ያስተምረው ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አገራችን በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ተበተነ፤ ትምህርት ቤቱም በመስከረም ሊከፈት ሲገባው ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ልጁ ሲመለስ በተረፈው ጊዜ የተረፈውን ተምሮ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ደረሰ፤ እንደ ጓደኞቹም ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ ተፈተነ፤ አላለፈም። አባቱ ይህን በሰማ ጊዜ ወደ እኔ መጣና «የኔታ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎትና ይንገሩኝ። ልጄ አንደኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ በየዓመቱ አልፏል ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አላለፈም አሉኝ። እንግዲህ የዋሹኝ በየትኛው ጊዜ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ዘመን ግስና አገባብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስሆን ለዚህ ጥያቄ በዚያን ቀን መልስ አጣሁለት።

በከተማችን ስለዚህ ፈተና የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፤ መኮረጅ ለምዶ ነበርና ፈተናው ገለጠው ይላል። ሁለተኛው ወገን ፈተናው ጭካኔ ነው፤ በድኻ ልጅ ላይ በር ለመዝጋት የተደረገ ነው ይላል። የመጀመሪያው ወገን ነገር ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገብቶ መፈተኑ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ሐሰትን ለማስወገድ የሚደክም ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን የፈተናው ውጤት ምን እንደ ተናገረ ልብ ብለን እንስማ። በዚያ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ናቸው፤ ከ100 ተማሪ 3 ያህል ማለት ነው። ከ1,100 በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኑ። ማሻሻል አለ፤ ነገር ግን ከ100 ልጅ 90 እና ከዚያም በላይ የሚወድቅበት ፈተና ስለ ልጁ ስንፍና ብቻ ይመሰክራል ማለት አይቻልም። ከ30 ደቀ መዛሙርት 29ኙ ቅኔ መቍጠር ያቃታቸው ጉባኤ ቢኖር፣ ያገሩ ሰው ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብሎ ዝም አይልም፤ መምህሩን ይጠይቃል። ደቀ መዛሙርቱም ቢሆኑ አኮፋዳቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳሉ። በቅኔ ቤት ተማሪ በመምህሩ ላይ በእግሩ ይፈርዳል፤ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ዋድላ የሚሄደው ስለዚህ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ በተወለደበት ቀበሌ ያለውን ትምህርት ቤት ይማራል፤ ከአገሩ ሁሉ ጋር ግን በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

አሁን ወደ ከፍተኛው ትምህርት እንመለስ፤ ሥሩን ሳያዩ ስለ ፍሬው መናገር ነገርን ያጐድላልና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ። በእነዚህ መካከል በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ይህ ኮሌጅ ሲቋቋም የተፈለገው ነገር ግልጥ ነበር፤ በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ሊያቆሙ የሚችሉ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎች ያስፈልጉ ነበር። ሦስቱም በአንድነት እየተማሩ፣ በጤና ጣቢያ በአንድነት እየሠሩ ተለማመዱ። እንዲህ ያለ ደንብ ለመመዘን የሚያመች ነው፤ ጤና ጣቢያው ተከፍቷልን፣ በውስጡስ የሠለጠነ ሰው አለን ብሎ መጠየቅ ይበቃልና። እንደዚሁም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም በየትምህርት ቤቱ መምህራን ሆኑ። ላይኛው ቤት ታችኛውን ቤት የሚደግፍበት መንገድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ነገ የሚቀበለውን ልጅ ዛሬ ራሱ ሄዶ ያስተምረዋልና። የዚያን ዘመን በር ግን እጅግ ጠባብ ነበር፤ ከገበሬ ልጆች ጥቂቶች ብቻ ገቡበት። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ማመስገኔ ሁሉ ነገሩ መልካም ነበር ለማለት አይደለም።

የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ስለ ከፍተኛ ትምህርት በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. ሦስት ዐዋጆች ወጡ። የጎንደር ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከሊማሊሞ በላይ በደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እኛ የሰሜን ጎንደር ሰዎች በዚህ ደስ ብሎናል፤ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን በወሬ ብቻ ሳይሆን በዓይኑ እንዲያይ ሆኗልና። በሩን ማስፋት ፍትሕ ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው ልጁን በሌላ በር ማስገባት የሚችል ሰው ነው።

ሆኖም አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ግንቡ ከመምህሩ ቀደመ፤ መምህሩም ከመጽሐፉና ከቤተ ሙከራው ቀደመ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው የኅብረተሰብ ሳይንስና ሥነ ሰብእ እንዲማሩ ተደነገገ። አገር መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታልና አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ልጁ ወደ ምን ያዘነብላል፣ የሚያስተምረውስ ሰውና የሚማርበት መሣሪያ አለን ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ቍጥሩን መሙላት ቀደመ። በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ጥናት የሥርዓቱን ብዙ ጉድለት ዘረዘረ፤ ይህ በጎ ሥራ ነው። ከዚያም በኋላ የክፍፍሉ ደንብ ተለወጠ፤ ሦስት ዓመት የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ሆነ። ይሁን እንጂ በቀድሞው ደንብ ያልወደደውን ትምህርት ተመድቦ ለተማረው፣ ተመርቆም ሥራ ላጣው ወጣት «በአንተ ላይ የተሳሳትነው ይህ ነው» ብሎ የነገረው ማን ነው? ደንቡ ይለወጣል፤ የደንቡ ፍሬ የሆነው ሰው ግን እንደ ገና አይወለድም።

በዚህ ቦታ ስለ ቅኔ ቤት ጥቂት ልናገር። የምናገረውም የእኛ ቤት ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ስለ መፈተን የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው። በቅኔ ቤት መምህሩና ፈታኙ አንድ ሰው ነው። ተማሪው አስቀድሞ ግስ ያወርዳል፤ አገባብ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል። እርሷን ቤት ሳይሞላ ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዘአምላኪየም ሳይጸና ወደ መወድስ አያልፍም። ስሕተቱን የሚሰማው በዚያው ቀን ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተጠብቆ አይነገረውም። መምህሩም ተማሪው በሳተ ቍጥር የራሱን ማስተማር ጭምር ይመረምራል፤ በማስመስከሪያው ቀን በሊቃውንት ፊት የሚመዘነው ተማሪው ብቻ አይደለምና።

የዚህም ቤት ጉድለት አይሰወር። ተማሪው በረኀብና በብርድ ይማራል፤ በመንገድ የቀረው፣ በበሽታ የሞተው፣ ተስፋ ቈርጦ የተመለሰው ስንት እንደ ሆነ ቈጥሮ የጻፈ የለም። ሴቶችም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉት ጥቂቶች በቀር ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል። ስለዚህ ከቅኔ ቤት የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚፈትን ሰው አስቀድሞ የማስተማር ዕዳ አለበት የሚለው ሕግ ነው።

ይህን ሕግ በቋንቋ ነገር እንመልከተው። ግእዝ የቅኔ ተማሪ በእናቱ ቤት የሚናገረው ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ መምህሩ ቅኔ ቍጠር ከማለቱ በፊት ግሱን ያስጠናዋል። በክልላችን ያለ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቋንቋውን ሊናገርበትና ሊያስብበት በሚያስችል መንገድ ተምሮታልን? ብዙ ጊዜ ያስተማረው መምህር ራሱ በቋንቋው አልተደላደለም። እንግዲህ ልጁ የሒሳብ ወይም የታሪክ ጥያቄ በሳተ ጊዜ የሳተው ሒሳቡን ነው ወይስ ቋንቋውን? ይህን ሳይለዩ አልፏል ወይም ወድቋል ማለት ግስ ያልወረደለትን ልጅ መወድስ አምጣ ማለት ነው።

ያ ገበሬ ልጁን ወደ እርሻው ይዞ ሲሄድ የልጁን ደብተሮች በእኔ ዘንድ አስቀመጠ። እኔ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ዕውቀት የለኝምና በአንድ ወጣት መምህር አስመረመርኋቸው። በብዙ ገጽ ላይ የመምህር የትክክል ምልክትና ፊርማ አለ፤ ወጣቱ መምህር ግን ከተፈረመባቸው መልሶች ብዙዎቹ ስሕተት መሆናቸውን አሳየኝ። ያን ጊዜ የአባትየው ጥያቄ መልሱን አገኘ። ውሸቱ የተነገረው በፈተናው ቀን አልነበረም፤ ፈተናው ዘግይቶ የመጣ እውነት ነበር። የፈረመውን መምህር ብቻ ለይቼ አልወቅስም፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይዞ፣ በምን ደመወዝ፣ በምን መጽሐፍ ያስተምር እንደ ነበረ ማሰብ ይገባልና። ልጅ እንዳይደገም፣ የማሳለፊያ ቍጥሩ እንዳይቀንስ የሚያዝዘው አለቃ፣ ከአለቃውም በላይ ያለው ሪፖርት ተቀባይ በዚያች ፊርማ ውስጥ አሉበት።

ሌላም ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ድርሻውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ ከድኻ ግብር የተማረ ሰው ለሚቀጥለው ልጅ መመለስ ይገባዋል። ነገር ግን ውል የሁለት ወገን ነው። ተማሪው እከፍላለሁ ብሎ ሲፈርም፣ ይህን ያህል የተማረ መምህር፣ ይህን የመሰለ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ እሰጥሃለሁ ብሎ በፊቱ የሚፈርምለት ማን ነው? ተቀባዩ ዕዳውን በብር ያውቃል፤ የሰጪው ዕዳ ግን በምን እንደሚቈጠር አልተጻፈም።

የመውጫ ፈተናም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመራቂዎች ሁሉ በተሰጠው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈታኞች 48,632፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈታኞች ደግሞ 12,422 አለፉ። የግል ኮሌጅ ተማሪ ከኪሱ ከፍሎ፣ ዓመታት ደክሞ፣ ከ100 17 ብቻ አለፈ። እነዚህ ኮሌጆች ግን በምሥጢር የተከፈቱ አልነበሩም፤ ፈቃድ ተሰጥቷቸው፣ ተቈጣጣሪ ተመድቦላቸው ኖረዋል። ስለዚህ ያ ፈተና ተማሪውን ብቻ አልፈተነም፤ ፈቃድ የሰጠውንና የተቈጣጠረውንም ፈትኗል። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ግን የወደቀው ሰው ስም የተማሪው ብቻ ሆነ። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይመስላል።

እንግዲህ አንድ ሰው «ተማሪውን እንዲህ ካጸደቅኸው ስንፍናን ማስተማርህ አይደለምን?» ቢለኝ፣ አይደለም እላለሁ። ሰነፍ ተማሪ አለ፤ እኔም በጉባኤዬ ብዙ አይቻለሁ። ሰነፉ ሊታወቅ የሚችለው ግን ትጉሁ በሚያልፍበት ቤት ነው። ትጉሁም ሰነፉም በአንድነት በሚወድቁበት ቤት ስንፍና ይሰወራል፤ ትጋትም ይረክሳል። ፈተናው ይቅር የሚለውንም ወገን አልከተልም። ያልተማረውን ልጅ አልፈሃል ብሎ ወደ ላይ መግፋት ውሸቱን ማራዘም ነው፤ በሽተኛ በእጁ ሲሞት፣ ድልድይ በሠራው ላይ ሲፈርስ ያ ውሸት በሌላ ድኻ ላይ ይወርዳል። ፈተናው እንዲጸና እወዳለሁ፤ ነገር ግን ተፈታኙን በሚመዝንበት ሚዛን ፈታኙንም ይመዝን።

ይህም በሥራ ሊገለጥ የሚችል ነው። አንደኛ፣ ስለ ትምህርት የሚወጣ ማንኛውም ዐዋጅና ፖሊሲ በምን እንደሚመዘን፣ በየትኛው ዓመት እንደሚመዘን፣ ለጉድለቱም ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ በራሱ ውስጥ ይጻፍበት፤ በሌላም ከመተካቱ በፊት ፍሬው ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ አንድ ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ውጤት ሲነገር ከጎኑ ያ ትምህርት ቤት ስንት መምህር፣ ስንት መጽሐፍ እንደ ነበረው፣ ስንት ወር እንደ ተዘጋ አብሮ ይነገር። ይህ በተለይ ለክልላችን ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋልና፣ በተዘጋ ቤት ያደገውን ልጅ በተከፈተ ቤት ካደገው ጋር ያለ ማስታወሻ ማወዳደር ፍርድ አይባልም። ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ ስላሉት ትምህርት ቤቶች ይጠየቅ። ከፈተና የወደቁትን ተቀብሎ የማካካሻ ትምህርት መስጠት በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ይህም ከምንም ይሻላል። ግን ቊስሉን ካመረቀዘ በኋላ ማጠብ ነው። በደባርቅ ያለው ሊቅና ተማሪ ሊማሊሞን ወርዶ ለአዲ አርቃይ፣ በጎንደርም ያለው ለደንቢያና ለጭልጋ ልጆች የሚደርስበት መንገድ ቢታሰብ፣ የ1957ቱ አገልግሎት በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ያ ገበሬ በቅርቡ ለገበያ መጥቶ ነበር። ጥያቄህ መልስ አግኝቷል ብዬ ደብተሮቹን አሳየሁት፤ ማንበብ ስለማይችል ምልክቶቹን በጣቱ እየነካ ዝም አለ። «ወንድሜ፣ ልጅህ ሰነፍ ይሁን ትጉህ እስከ ዛሬ የፈተነው የለም፤ ያልተማረውን ነው የተጠየቀው። የዋሸህም በየዓመቱ ይህን ምልክት ያደረገው እጅና እያወቅን ዝም ያልን ሰዎች ሁሉ ነን» አልሁት። እርሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ «እንግዲያው የኔታ፣ ታናሹ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የእርሱን ደብተር ከአሁኑ ይዩልኝ» አለኝ። እኔም ያን ወጣት መምህር ለምኜ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የታናሹን ደብተር አብረን እናያለን፤ ከጎረቤት የመጡ አራት ልጆችም አብረው ይቀመጣሉ። ይህ የአንድ ግቢ ሥራ ነው፤ የአገር ሥራ ሊሆን የሚችለው ግን ዐዋጁን የጻፈው ሰው ከልጁ ጋር አብሮ ለመመዘን የፈቀደ ዕለት ነው።

ከአዲ አርቃይ፤ አንድ የቅኔ መምህር